«ቱው ሆት ቱ ድሪንክ» ካልን በኋላ «ኢት» የት ገባች?

መምህር ዘብቸና (ክሩን የከፈተው)

ሰላም ለመድረኩ ሰዎች። ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ምሳሌዎቹን በራሳችን ፊደል ስለምጽፍ አስቀድሜ አንድ ነገር ላስታውቅ። «ከመጠን በላይ» ማለት የሆነውን ቃል «ቱው»፣ የንዑስ አንቀጹን (እንደ «ቱ ድሪንክ»፣ «መጠጣት» ያለውን የግስ ቅርጽ) ምልክት «ቱ» እያልኩ እለያቸዋለሁ፤ አለዚያ ሁለቱ ተመሳስለው ያደናግሩናል።

ጉዳዩ እንዲህ ነው። የ10ኛ ክፍል ተማሪዎቼን «ሻዩ በጣም ስለሚያቃጥል ልጠጣው አልቻልኩም» የሚለውን በአንድ የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር እንዲጽፉ አዘዝኳቸው። አብዛኛው ክፍል «ዘ ቲ ኢዝ ቱው ሆት ቱ ድሪንክ ኢት» ብሎ አመጣ። መጨረሻ ላይ ያለችውን «ኢት» በቀይ ሰረዝኩባቸው። አንዲት ጎበዝ ልጅ ደብተሯን ይዛ ጠረጴዛዬ ድረስ መጣችና «ቲቸር፣ ተሻጋሪ ግስ ያለ ተሳቢ አይቆምም ያሉን እርስዎ ነዎት። ‹ድሪንክ› ተሻጋሪ ነው። ታዲያ የሚጠጣው ነገር የት ገባ?» አለችኝ።

እጄ ላይ ያለው የሰዋስው መጽሐፍ «ከ‹ቱው› እና ከ‹ኢነፍ› (በቂ) በኋላ የሚመጣ ንዑስ አንቀጽ ተሳቢውን አይደግምም» ብሎ ያልፋል። ልጅቷ ግን «ተብሏልና ተቀበይ» የሚባል ነገር አትወድም፤ እኔም አልወድም። ይህ ነገር ከየት መጣ? «ኢዚ» (ቀላል) እና «ሃርድ» (ከባድ) ከሚባሉት ቅጽሎች ጋርስ ለምን ይታያል? ደግሞስ ልጆቻችን ሁሉ የተማከሩ ይመስል ያችኑ «ኢት» የሚጨምሩት ለምንድን ነው? የምታውቁ አስረዱኝ።

ገበያ ማዶ

መምህር፣ ነገሩን አያክብዱት። ሕጉን ያሸምድዷቸው። የ12ኛ ክፍል ፈተና ላይ አራት ምርጫ ይመጣል፣ «ኢት» የሌለበትን ያጠቁራሉ፣ አለቀ።

ጣና ዳር

በዚህ መልክ ከሸመደዱት ነገ ሌላ ስህተት ይዘው ይመጣሉ። እነዚህን ሁለቱን ሰሌዳ ላይ አንዱን ከአንዱ ሥር ይጻፉላቸው።

«ዘ ሌተር ኢዝ ቱው ሎንግ ቱ ሪድ»
«አይ አም ቱው ታየርድ ቱ ሪድ ኢት»

ሁለቱም «ቱው» አለባቸው፤ ሁለቱም ውስጥ «ሪድ» አለ። በመጀመሪያው «ኢት» ብትገባ ስህተት ነው፤ በሁለተኛው ብትወጣ ደግሞ ምን ማንበብ እንደ ደከመኝ ሳይታወቅ ይቀራል። ስለዚህ «ቱው» የጉዳዩ ባለቤት አይደለችም። ልዩነቱ ያለው ከፊት በተቀመጠው ስም ላይ ነው። በመጀመሪያው የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት ደብዳቤው ነው። ደብዳቤ አያነብም፤ ይነበባል። ስለዚህ የ«ሪድ» ተሳቢ ራሱ ደብዳቤው ነው፤ ከፊት ሄዶ ባለቤት ሆኖ ተቀምጧል። በአንድ ድግስ አንድ ሰው ሁለት መደብ አይዝምና የኋላ ቦታው ባዶ ይቀራል። በሁለተኛው ግን ባለቤቱ «እኔ» ነኝ። እኔ አንባቢ ነኝ እንጂ ተነባቢ አይደለሁም። የተሳቢው ቦታ የማንም ስላልሆነ «ኢት» ትሞላዋለች።

ለልጅቷ የሚነግሯት እንግዲህ ያስተማሯት ሕግ እንዳልተሻረ ነው። ተሻጋሪው ግስ ተሳቢውን አላጣም፤ ተሳቢው ቦታ ለወጠ እንጂ።

ፍተሻው ቀላል ነው። ንዑስ አንቀጹን ይዛችሁ «ምንን?» ወይም «ማንን?» ብላችሁ ጠይቁ። ምንን ማንበብ? ደብዳቤውን። ደብዳቤው በባለቤትነት ቦታ ላይ ካለ አትድገሙት። ከ«ኢዚ»፣ «ሃርድ»፣ «ዲፊከልት»፣ «ዴንጀረስ»፣ «ኤክስፔንሲቭ»፣ «ናይስ» ጋር የሚሆነውም ይኸው ነው። «ዘ ሃውስ ኢዝ ኢዚ ቱ ፋይንድ» ስንል የሚገኘው ቤቱ ነው። ይህንኑ ገልብጠን «ኢት ኢዝ ኢዚ ቱ ፋይንድ ዘ ሃውስ» ማለት እንችላለን፤ ትርጉሙ ያው ነው። ያን ጊዜ ቤቱ ወደ ኋላ ቦታው ተመልሶ ይታያል፣ ከፊት ያለችው «ኢት» ደግሞ ቦታ ጠባቂ ብቻ ትሆናለች።

ጮቄ

ጣና ዳር፣ ይህን ሁሉ ከማለት በፊት አንድ ነገር መፈተሽ አለበት። «ሪድ»፣ «ኢት» (መብላት የሆነው ግስ እንጂ ያችኛዋ «ኢት» አይደለችም)፣ «ድሪንክ» ያለ ተሳቢም ይሄዳሉ። «አይ ሀቭ ኢትን» ብሎ ዝም ማለት ይቻላል፤ ምን እንደ በላ ማንም አይጠይቅም። እንዲያ ከሆነ «ቱው ሆት ቱ ድሪንክ» ውስጥ ያለው «ድሪንክ» ተሳቢ ፊት የሄደበት ሳይሆን በቃ ተሳቢ የማይፈልገው «ድሪንክ» ሊሆን ይችላል።

ጣና ዳር

ጥሩ ጥያቄ ነው። መልሱ ሌላ ግስ መሞከር ነው። «ፋይንድ»ን እንውሰድ። «አይ ፋውንድ» ብሎ የሚያቆም እንግሊዛዊ የለም፤ ምን አገኘህ ይባላል። «ካሪ»ም እንደዚያው ነው። ነገር ግን «ዘ ሃውስ ኢዝ ኢዚ ቱ ፋይንድ» እና «ዘ ሳክ ኢዝ ላይት ኢነፍ ቱ ካሪ» ያለ አንዳች እንከን ይቆማሉ። ያለ ተሳቢ ፈጽሞ የማይሄድ ግስ እዚህ ቦታ ብቻ ያለ ተሳቢ ከሄደ፣ ተሳቢው ከሌላ ቦታ እየመገበው ነው ማለት ነው። «ድሪንክ»ን ይዘን ስንከራከር የማይታየው ነገር «ፋይንድ» ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ስለዚህ መምህር፣ ምሳሌዎትን ከመብላቱ «ኢት» እና ከ«ድሪንክ» ባይጀምሩ ይሻላል።

ቋንቋ አጥኚዎች የሚወዱት አንድ ጥንድ አለ። አሜሪካዊው የቋንቋ ሊቅ ኖአም ቾምስኪ በ1960ዎቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ዝነኛ ያደረገው ነው። «ጆን ኢዝ ኢዚ ቱ ፕሊዝ» እና «ጆን ኢዝ ኢገር ቱ ፕሊዝ»። ከላይ ሲታዩ መንታ ናቸው፤ የተለወጠው ቅጽሉ ብቻ ነው። በመጀመሪያው ጆን የሚደሰተው ነው፤ እሱን ማስደሰት አይከብድም። በሁለተኛው ጆን ሌላውን ማስደሰት የሚጓጓው ነው። ዓይን የማያየውን ልዩነት ጆሮው ያደገበት ሰው ወዲያው ይለየዋል።

ወዲያው ያልኩት ስለ አዋቂ ነው። የኖአም ሚስት ካሮል ቾምስኪ በ1969 በፈረንጆች አቆጣጠር ባሳተመችው ጥናት እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው የሆነ ከ5 እስከ 10 ዓመት ያሉ ልጆችን ዓይኗ በጨርቅ የታሰረ አሻንጉሊት አሳይታ «ኢዚ ቱ ሲ» ናት ወይስ «ሃርድ ቱ ሲ» ትላቸው ነበር። ከትንንሾቹ ብዙዎቹ «ሃርድ ቱ ሲ» ይላሉ። ለምን ሲባሉ ዓይኗ ተሸፍኗላ! አሻንጉሊቷን የምታይ እንጂ የምትታይ አላደረጓትም። ጠረጴዛው ላይ ፊት ለፊታቸው ተጋድማ ማለት ነው። የእንግሊዝ ቋንቋ ባለቤቶችም ይህን ነገር ዘግይተው ነው የሚይዙት።

መምህር ዘብቸና

የአሻንጉሊቷን ነገር ነገ ክፍል ውስጥ እሞክረዋለሁ። ግን ልብ አድርጉ፤ የእኔ ልጆች ስህተት የእነዚያ ልጆች ስህተት አይደለም። እነዚያ ትርጉሙን ገለበጡት እንጂ «ኢት» አልጨመሩም። የእኔዎቹ ትርጉሙን በትክክል ገብቷቸዋል፤ ሻዩ የሚጠጣው ነገር እንጂ ጠጪው እንዳልሆነ አላጡትም። ያጠፉት አንድ ቃል መጨመር ብቻ ነው። ያች ቃል ከየት መጣች ነው ጥያቄዬ።

ባለሱቋ ከፍኖተ ሰላም

እኔ መምህርት አይደለሁም፤ ሱቅ ነው ያለኝ። ክሩን ከላይ ጀምሬ ሳነብ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ከውጭ የሚመጡ የታሸጉ ምግቦች ላይ «ሬዲ ቱ ኢት» (ለመብላት ዝግጁ) ተብሎ ይጻፋል። አንድ ደንበኛዬ ቆርቆሮውን አገላብጦ አየና «እንግዲህ ሊበላን ተዘጋጅቷል ማለት ነዋ!» ብሎ አስቆኛል። እናንተ እንደምትሉት ከሆነ ሰውዬው እኮ አልተሳሳተም።

ጣና ዳር

አልተሳሳተም፣ እህቴ። «ሬዲ» ሁለቱንም በር የሚከፍት ቅጽል ነው። «ዘ ቺክን ኢዝ ሬዲ ቱ ኢት» ቢባል ዶሮዋ ልትበላ ወይም ልትበላ ነው።

የዋሸራ ልጅ

ጣና ዳር፣ የጻፍኸውን መልሰህ አንብበው! «ልትበላ ወይም ልትበላ» ብለህ ጽፈሃል። አንዱ «በ» ጠብቆ፣ አንዱ ላልቶ ነው የሚነበበው፤ ፊደላችን ግን አይለየውም። ይህማ ያለቀለት ኅብር ነው። ሰሙ ዶሮዋ ጥሬ ልትለቅም ጓጉታለች፣ ወርቁ ወጡ ደርሷል። እንግሊዞች ቅኔ የላቸውም ያለ ማን ነው?

ጮቄ

ወጡ ደርሶ ከሆነ ክርክሩን እዚህ ላይ ብናቆመው እኔ ደስ ይለኛል።

የዋሸራ ልጅ

ከቀልዱ ወጥቼ የመምህርን ጥያቄ ልሞክረው። እኔ ከቅኔ ቤት የመጣሁ ነኝ፤ እንግሊዝኛዬ ገና ዳዴ የሚል ነው። የአማርኛውን ወገን ግን አውቀዋለሁ።

እኛ ቤት በግስ ጫፍ ላይ እየተቀጠለ ተሳቢውን የሚያመለክተውን ዝርዝር እንለዋለን። «ጠራ» ካልን በኋላ «ጠራኝ»፣ «ጠራህ»፣ «ጠራው»፣ «ጠራት» እያልን ነው የምንዘረዝረው። አሁን መምህር ለልጆቹ የሰጧቸውን ዓረፍተ ነገር እንመልከተው። «ልጠጣው አልቻልኩም» ይላል። «ልጠጣ» ብቻውን አይደለም፤ «ው» አለበት። ልጆቹ ይህችን «ው» አይተው እንዳትጠፋባቸው «ኢት» ብለው አሻገሯት። ለአማርኛቸው የታመኑ ልጆች ናቸው። ዓረፍተ ነገሩ «ሻዩ ለመጠጣት አያመችም» የሚል ቢሆን ኖሮ ብዙዎቹ «ኢት» አይጨምሩም ነበር ብዬ እገምታለሁ፤ እዚያ ውስጥ የሚሻገር «ው» የለምና።

ነገሩ ከዚህ ይጠልቃል። በ«መ» የሚነሣው ንዑስ አንቀጻችን ለተሳቢ ዝርዝር ቦታ የለውም። «መጠጣቴ»፣ «መጠጣትህ»፣ «መጠጣቱ» ስንል በጫፉ ላይ የገባው ጠጪው ነው፤ የተጠጣው አይደለም። «መምታቴ» ካልኩ የመታሁት እኔ ነኝ። የተመታሁ እንደሆነ ወደ ተገብሮ ሄጄ «መመታቴ» እላለሁ። ተሳቢውን የግድ ማሳየት ከፈለግሁ «ሻዩን መጠጣት» ብዬ ስሙን ከነ «ን»ው አመጣለሁ፤ አለዚያ እተወዋለሁ። «ይህ መጽሐፍ ለማንበብ ይከብዳል» ስንል መጽሐፉን ደግመን አንጠራውም። በዚህ በኩል አማርኛና እንግሊዝኛ ወንድማማች ናቸው።

እንግዲህ «ኢት»ን የሚያመጣት ንዑስ አንቀጹ አይደለም። የሚያመጧት ዝርዝር የሚሸከሙት ሌሎቹ ናቸው። «ልጠጣው»፣ «እንዳነበው»፣ «የገዛሁት»። «የገዛሁት መጽሐፍ» ውስጥ ያለውን «ት» አይተው «ዘ ቡክ ዊች አይ ቦት ኢት» የሚሉም አሉ ሲባል ሰምቻለሁ፤ ምንጩ አንድ ይመስለኛል።

መምህር ዘብቸና

የዋሸራ ልጅ፣ እግዜር ይስጥህ። «ዊች አይ ቦት ኢት» በየደብተሩ አለ፤ ከዚህኛው ጋር አንድ ወንዝ እንደሚጠጡ ግን አስቤው አላውቅም። ለሁለቱ ስህተት ሁለት የተለያየ ምዕራፍ ነው የምናስተምረው።

ጡረተኛዋ መምህርት

ልጆቼ፣ ውይይታችሁ ደስ ይላል። ለረጅም ዘመን ደብረ ማርቆስ እንግሊዝኛ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። የዋሸራው ልጅ የተናገረው ትክክል ከሆነ፣ ትክክልም ነው፣ የሚጠበቅ አንድ ሌላ ስህተት አለ። አንዳችሁም አላነሣችሁትም። ቀይ ብዕር የተጨመረውን ይሰርዛል እንጂ የጎደለውን ብዙ ጊዜ አያየውም።

«መድኃኒቱን ገዛሁ፤ መውሰድ ግን ረሳሁ።» ይህ ያማረ አማርኛ ነው። «መውሰድ» ላይ ምንም ዝርዝር የለም፤ መድኃኒቱ ከላይ ስለ ተነሣ ይበቃል። ልጆቹ ይህን ሲያሻግሩት «አይ ቦት ዘ ሜዲሲን በት አይ ፎርጎት ቱ ቴክ» ይላሉ። እንግሊዝኛው ይህን አይቀበልም። «አይ ፎርጎት ቱ ቴክ ኢት» ማለት ግድ ነው። አለዚያም ግሱን ራሱን ጥሎ «ቱ» ላይ መቆም ነው፤ «አይ ፎርጎት ቱ»። መካከለኛው መንገድ የለም። «ደብዳቤው ደረሰኝ፤ ለመመለስ ግን ጊዜ አጣሁ» የሚለውም በዚያው ወጥመድ ውስጥ ይጥላል።

ስለዚህ ልጆቻችን በአንድ በኩል የማያስፈልገውን «ኢት» ይጨምራሉ፣ በሌላ በኩል የሚያስፈልገውን ይጥላሉ። ተቃራኒ ይምሰሉ እንጂ ሁለቱም አማርኛውን ተከትለው የመጡ ናቸው። በ«ል» የተነሣው ዝርዝር ስላለው ጨመሩ፤ በ«መ» የተነሣው ዝርዝር ስለሌለው ጣሉ። «ከ‹ቱው› በኋላ ‹ኢት› የለም» የሚለው ሽምደዳ ሁለተኛውን ስህተት ያባብሰዋል። ልጁ «ኢት» በጠቅላላው የምትፈራ ነገር ትመስለዋለች።

ጣና ዳርም «ባለቤት» የሚለውን አጥብቆታል፤ ትንሽ ቢያላላው ይሻላል። ከፊት የሚቀመጠው የግድ ባለቤት አይደለም። «አይ ሀቭ ኤ ሌተር ቱ ራይት» ሲባል ባለቤቱ «እኔ» ነኝ፣ ጸሐፊውም እኔ ነኝ፤ ሆኖም «ኢት» አትገባም። ንዑስ አንቀጹ የተለጠፈው «ሌተር» የሚለው ስም ላይ ነው፤ ምን ዓይነት ደብዳቤ ቢሉ የሚጻፍ። «ሳምቲንግ ቱ ኢት»፣ «ወርክ ቱ ዱ»፣ «ኤ ሃውስ ቱ ሬንት» ሁሉም እንደዚያ ናቸው። የሚገርመው አማርኛችን ይህን ወደ ተገብሮ ይወስደዋል፤ «የሚበላ ነገር»፣ «የሚሠራ ሥራ»፣ «የሚከራይ ቤት» እንላለን። እንግሊዝኛው ገቢሩን ይዞ ተሳቢውን ብቻ ባዶ ያደርጋል። ስለዚህ ፍተሻው እንዲህ ቢባል ይሻላል። ንዑስ አንቀጹ የሚገልጸው ነገር ራሱ ተሳቢው ከሆነ አትድገሙት።

ጮቄ

እማማ፣ አድራጊውም ተደራጊውም አንድ ሰው ሲሆንስ? ለምሳሌ ራሱን ማመስገን የሚያፍር ሰው። «ማንን?» ብዬ ስጠይቅ መልሱ ባለቤቱ ራሱ ነው። ልተወው?

ጡረተኛዋ መምህርት

አትተወውም። «ሂ ኢዝ ቱው ሻይ ቱ ፕሬዝ ሂምሰልፍ» ትላለህ። አመስጋኙ እሱ ስለሆነ የአድራጊውን ቦታ ይዟል፤ የተሳቢውን ቦታ «ሂምሰልፍ» ይሞላዋል። «ሂ ኢዝ ሃርድ ቱ ፕሬዝ» ካልክ ግን አመስጋኙ ሌላ ሰው ሆነ፤ የሰውየው ምስጋና የሚያሰኝ ነገር ስለ ጠፋ ነው።

ስለ ዓላማ የሚነገረውንም አብሬ ልጨምር፤ ልጆች እዚህ ላይ ይወድቃሉ። «አይ ቦት ዘ ቡክ ቱ ሪድ ኦን ዘ በስ» ልክ ነው። «ኢን ኦርደር ቱ» ስትጨምርበት ግን ባዶው ቦታ ይዘጋል። «አይ ቦት ዘ ቡክ ኢን ኦርደር ቱ ሪድ ኢት» እንጂ ያለ «ኢት» አይሆንም። አጭሩ «ቱ» መጽሐፉን ሊገልጽ ይችላል፤ የሚነበብ መጽሐፍ ነው። ረጅሙ «ኢን ኦርደር ቱ» ግን የመግዛቱን ምክንያት ብቻ ይናገራል፤ መጽሐፉን አይገልጽም። ከላይ ያልኩት ፍተሻ እዚህም ይሠራል።

አስጎብኚው

ጢስ ዓባይ አካባቢ እንግዳ አስጎበኛለሁ፤ እንግሊዝኛዬ ከመንገድ የተለቀመ ነው። ሁለት ነገር ልጠይቅ። ወደ ፏፏቴው ስንወርድ አሮጌውን የድንጋይ ድልድይ እንሻገራለን። አንዲት እንግዳ ቆም ብላ «ኢዝ ኢት ሴፍ ቱ ዎክ ኦን?» አለችኝ። «ዎክ» አይበቃም ነበር? «ኦን» ብላ ስታቆም የሆነ ነገር የቀረ መሰለኝና እስክትጨርስ ጠበቅኋት። እሷም እኔን ትጠብቃለች!

ሁለተኛው፣ ጓደኞቼ «ዘ ሆቴል ኢዝ ኢዚ ቱ ቢ ፋውንድ» ይላሉ። «ለመገኘት ቀላል» ማለታቸው ነው። ልክ ናቸው?

ጣና ዳር

የመጀመሪያውን ልያዘው። ድልድዩ የሚረገጠው «ዎክ» ብቻውን ተሻጋሪ ስላልሆነ በ«ኦን» በኩል ነው። ባዶ የሆነው የመስተዋድዱ ተሳቢ ነው፤ መስተዋድዱ ራሱ ግን በቦታው መኖር አለበት። «ኤ ቼር ቱ ሲት ኦን»፣ «ኤ ፔን ቱ ራይት ዊዝ»፣ «ናይስ ቱ ሉክ አት»። እኛ ጋ «የምቀመጥበት ወንበር»፣ «የምጽፍበት እስክሪብቶ» ስንል ያ ሁሉ በ«በት» ውስጥ ተጠቅልሎ ስለሚገባ ለብቻው የሚቆም ቃል መጨረሻ ላይ ትተን አናውቅም። ስለዚህ ልጆቹ «ኤ ቼር ቱ ሲት» ብለው ይጨርሳሉ። «ኤ ቼር ቱ ሲት ኦን ኢት» የሚሉም አሉ። የመጀመሪያዎቹ የሚያስፈልገውን ጣሉ፣ የኋለኞቹ የማያስፈልገውን ጨመሩ፤ እማማ ያሉት መንታ ስህተት እዚህም ወንበር ላይ ተቀምጦ ይጠብቀናል።

ጡረተኛዋ መምህርት

ሁለተኛውን እኔ። «ኢዚ ቱ ቢ ፋውንድ» ሰው ይረዳዋል፣ ግን እንዲያ አይባልም። ከ«ኢዚ» እና ከ«ሃርድ» ጋር ገቢሩ ነው የሚሄደው፤ «ኢዚ ቱ ፋይንድ»። «ሬዲ ቱ ቢ ኢትን» ግን ትክክል ነው፤ የባለሱቋን ደንበኛ ጥርጣሬም ያጠፋ ነበር። ከስም በኋላ ሲመጣ ብዙ ጊዜ ሁለቱም ይሄዳሉ፤ «ዜር ኢዝ ወርክ ቱ ዱ» ወይም «ዜር ኢዝ ወርክ ቱ ቢ ደን»።

የጥንት እንግሊዝኛ በዚህ ረገድ ገቢሩን በሰፊው ይጠቀም ነበር፤ «ቱ ቢ» የሚለው ተገብሮ እየተስፋፋ የመጣው ኋላ ነው። የቀድሞው ልማድ በአንዳንድ አባባሎች ላይ ተጣብቆ ቀርቷል። በእንግሊዝ አገር የሚከራይ ቤት በር ላይ «ቱ ሌት» ይጻፋል፤ ቤቱ አከራይ ሆኖ አይደለም። «ሂ ኢዝ ቱ ብሌም» ሲባልም ወቃሹ ሳይሆን ተወቃሹ ነው። ዴንማርካዊው የእንግሊዝኛ ሰዋስው ሊቅ ኦቶ ዬስፐርሰን ይህን ዓይነቱን ንዑስ አንቀጽ ወደ ኋላ ተመላሽ ብሎ ሰይሞታል፤ ተሳቢውን ፍለጋ ከፊቱ ወዳለፈው ስም ስለሚመለስ። ስሙን እወድለታለሁ።

ገበያ ማዶ

ሁሉም ያምራል። ፈተና ላይ ግን ለአንድ ጥያቄ የሚደርሰው ጊዜ ጥቂት ነው። ተማሪው «ምንን? ማንን? የሚገልጸውስ ነገር የቱ ነው?» እያለ ሲመረምር ደወል ይደወላል። እኔ አሁንም ሽምደዳውን አልተውም።

የዋሸራ ልጅ

ወንድሜ፣ አንድ ጊዜ የገባው ሰው ሲጠየቅ አይመረምርም፤ ጆሮው ይነግረዋል። ያልገባው ነው ሕጉን ፍለጋ የሚደናበር። አንተም «ዘ ሌተር» እና «አይ» የሚሉትን ሁለት ምርጫዎች ጎን ለጎን ብታገኝ በየትኛው ሽምደዳ ትለያቸዋለህ?

ገበያ ማዶ

በሁለተኛው ሽምደዳ። «‹አይ› ካለ ‹ኢት› አለ።»

ጮቄ

«አይ ሀቭ ኤ ሌተር ቱ ራይት» ሲመጣስ? ሦስተኛ ሽምደዳ? በዚህ አያያዝ ደብተር አይበቃህም።

መምህር ዘብቸና

ገበያ ማዶ እንዳይቀየም፤ እሱ ባይገፋን ኖሮ ይህን ሁሉ አናወጣም ነበር። የቀረኝ አንድ ጥያቄ ነው። «ፎር» ሲገባስ? «ዘ ቲ ኢዝ ቱው ሆት ፎር አስ ቱ ድሪንክ ኢት» የሚል አንድ ደብተር አለኝ። ልሰርዝ ወይስ ልለፍ?

ጡረተኛዋ መምህርት

እለፈው። «ፎር አስ» ብሎ ጠጪዎቹን ለይቶ ከጠራ በኋላ ከ«ቱው» ጋር «ኢት» የሚጨምሩ ባለቋንቋዎች አሉ፤ የማይጨምሩም አሉ። ንዑስ አንቀጹ የራሱን አድራጊ ስላገኘ ራሱን እንደቻለ ዓረፍተ ነገር ይሆንና ተሳቢውን ሊጠራ ይደፍራል። ያለ «ኢት»ው ግን ሁሉንም ያስማማል፤ ስለዚህ ያለ «ኢት» አስተምር፣ በ«ኢት» የጻፈውን ደግሞ ነጥብ አትቀንስበት። ከ«ኢዚ» ጋር ግን «ፎር አስ» ቢኖርም «ኢት» አትገባም። «ዘ ሃውስ ኢዝ ኢዚ ፎር አስ ቱ ፋይንድ» ነው፤ እዚያ ላይ አትራራ።

መምህር ዘብቸና

ለነገ አራት ዓረፍተ ነገር አዘጋጀሁ። ተማሪዎቹ «ኢት» ይግባ ወይስ ይቅር እያሉ ምክንያታቸውን ይናገራሉ። እዩልኝ።

«ጮቄ ኢዝ ዲፊከልት ቱ ክላይም»
«ዘ ሮድ ዳውን ቱ አባይ ኢዝ ዴንጀረስ ቱ ድራይቭ ኦን»
«ሺ ሶ ዘ ኩዌስቸን በት ሺ ዎዝ ቱው ቢዚ ቱ አንሰር ኢት»
«ዘ ኩዌስቸን ኢዝ ፖሲብል ቱ አንሰር»

ጮቄ

የመጀመሪያው በስሜ ስለ ተጻፈ ትክክል መሆኑን እመሰክራለሁ።

ጣና ዳር

ሁለተኛው ግሩም ነው። ከጎሐ ጽዮን ወርዶ ወደ ደጀን ሲወጣ ያን ጠመዝማዛ ያየ ተማሪ «ኦን»ን አይረሳትም። ሦስተኛው ጥያቄው አስቀድሞ ስለ ተነሣ ልጆቹ «ኢት»ን ለመጣል ይፈተናሉ፤ የ«መድኃኒቱን መውሰድ ረሳሁ» ዘመድ ነው። በደንብ አሠራቸው።

ጡረተኛዋ መምህርት

አራተኛውን አውጣው። «ፖሲብል» ከእነ «ኢዚ» ጋር አትቆጠርም፤ በዚህ አሠራር ተሳቢውን ከፊት አታስቀምጥም። «ኢት ኢዝ ፖሲብል ቱ አንሰር ዘ ኩዌስቸን» ነው የሚባለው። «ኢምፖሲብል» ግን ትቀበላለች፤ «ዘ ኩዌስቸን ኢዝ ኢምፖሲብል ቱ አንሰር» በለው። ያች ልጅህ ለምን አንዷ እሺ ብላ አንዷ እምቢ አለች ብላ እንደምትጠይቅህ ከአሁኑ እወቀው።